በባሕር ላይ ላለ ወንድሜ የሰማኝ አምላክ ይመስገን

ይህን ልመሰክር ተስዬ ነበር። ስለቴ ሻማም ጃንጥላም አልነበረም፤ በሰው ፊት መናገር ነው። ሳስታውሰው አሁንም ሆዴ ይርዳል፣ ነገሬ ቢዘበራረቅ ታገሱኝ።

ታናሽ ወንድሜ መርከበኛ ነው። ባሕር ዳር የማሪታይም ትምህርቱን ጨርሶ፣ ስንት ጊዜ ያለ ሥራ ተቀምጦ፣ በመጨረሻ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ የሞተር ክፍል ተቀጠረ። ቤታችን እልል አለ። እኔም መርከብ የሚያሳይ አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ። ትልልቅ መርከቦች ስማቸውን፣ ያሉበትን ቦታና ፍጥነታቸውን በሬዲዮ እየላኩ ነው የሚሄዱት። የወደብ አንቴናና ሳተላይት ይቀበለውና ካርታ ላይ ይወጣል። ነዳጅ ጫኞቹ ቀይ ናቸው። የመርከብ ስም ይቀየራል፤ ሰባት አሃዝ ያለው መለያ ቁጥሯ ግን አይቀየርም። ያን ቁጥር እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ ያዝኩት። እማዬ "የት ደረሰልኝ?" ስትል ፉጄይራ ወደብ ነው፣ ስዊዝ ካናል ነው እላታለሁ።

በ2016 ቀይ ባሕር ሌላ ሆነ። ኅዳር ላይ የየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች ጋላክሲ ሊደር የምትባል መርከብ ላይ ከሄሊኮፕተር ወርደው ያዟት። ጥር ላይ ማርሊን ሉዋንዳ የምትባል ነዳጅ ጫኝ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ተመትታ ነደደች። የካቲት ላይ ትሩ ኮንፊደንስ የምትባል መርከብ ተመትታ ሦስት መርከበኞች ሞቱ። ብዙዎቹ በደቡብ አፍሪካ መዞር ጀመሩ። የእሱ መርከብ ግን አልዞረችም።

ነሐሴ 15፣ ረቡዕ፣ የፍልሰታ ጾም መጨረሻ ነው። እማዬ ሱባኤ ገብታለች፣ ስልክ አልያዘችም። የወንድሜ መርከብ ምልክት ከማክሰኞ ጀምሮ የቀይ ባሕር ደቡብ መግቢያ ባብ ኤል መንደብ ሳትደርስ ጠፍቷል። ከሰዓት በኋላ ዜና መጣ፦ አንዲት መርከብ ከየመኗ ሆዴይዳ ወደብ በስተምዕራብ ተመታች፣ እሳት ተነስቶባታል፣ ሞተሯ ቆሞ እየተንሳፈፈች ነው። ስሟ አልተጠቀሰም።

ሞተሯ ቆሞ! የሞተር ክፍል ውስጥ ያለው እኮ ወንድሜ ነው።

ስልኩን ብደውል ዝግ። ድርጅቱ ጋ ደወልኩ፣ የሚያነሳ የለም። ቁጥሩን አፑ ላይ እጽፋለሁ፣ ያው የማክሰኞዋ ነጥብ ትመጣለች። አጠፋለሁ፣ እንደገና እጽፋለሁ። መሸ። ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ፣ መጨረስ አቃተኝ። ዳዊት ገለጥኩ፣ "በመርከቦች ወደ ባሕር የሚወርዱ" የሚለው ላይ ስደርስ ፊደሉ ሁሉ ውኃ ሆነብኝ።

ያኔ ነው የተናደድኩት። አልዋሽም፣ ጮኼ ነው የተናገርኩት። "ሥራ ስጠው ብዬ ስለምንህ፣ ይሄንን ነው የሰጠኸኝ? እማዬ አፈር ላይ ተኝታ እየጾመችልህ?" ደቀ መዛሙርቱም በማዕበሉ ውስጥ "ስንጠፋ አይገድህምን?" ብለውታል፤ ያቺን ቃል እየደጋገምኩ መሬት መታሁ።

ጩኸቴን ሰምተው ጎረቤታችን ጋሼ በር አንኳኩ። ዱሮ ምጽዋ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ስልኬን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው አዩ። "ስሚ ልጄ፣ ይሄ የሰመጠ መርከብ ምልክት አይደለም። አደጋ ባለበት ካፒቴን ራሱ ያጠፋዋል፣ ጠላት እንዳያየው። አንቺ ካላየሽው እነሱም ለማየት ይቸግራቸዋል" አሉኝ። ሻይ አፍልተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕድሜ ከጤና ይስጥዎት።

ማታ የተመታችዋ ስም ወጣ፦ ሱኒዮን፣ የግሪክ ነዳጅ ጫኝ፣ ከኢራቅ ድፍድፍ የጫነች። የእኛዋ አይደለችም! እልል ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እዚያ ላይም 25 መርከበኞች አሉ፣ አብዛኞቹ ፊሊፒናውያን። ማኒላም አንዷ እህት እንደኔ ስልኳን ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የወንድሜም ቢሆን ገና አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም መርከብ አንድ ላይ መለመን ጀመርኩ። ጋሼ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሌሊቱ አልነጋ አለኝ፤ ሰዓቱን ባየሁት ቁጥር ያው ነው።

የቅዳሴ ደወል ሲደወል ስልኬ ነዘረ።

"አለፍን። ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ደህና ነኝ። እማዬ ጾም ፈታች?"

ስለ ጾም ነው የሚጠይቀኝ! በነጠላዬ እየተጠቀለልኩ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ፣ እማዬን ከሴቶቹ መካከል ፈልጌ ጆሮዋ ላይ ነገርኳት። ምን እንደሆንኩ አልገባትም፤ እንደ ጠፋ መች ሰምታ!

በዚያው ዕለት፣ በፍልሰታ በዓል፣ የፈረንሳይ የጦር መርከብ የሱኒዮንን 25 መርከበኞች በሙሉ አውጥቶ ጅቡቲ አደረሳቸው። ያን ስሰማ ነው በደንብ ያለቀስኩት። የትሩ ኮንፊደንስ ሦስቱ ለምን እንዳልተረፉ ግን እስከ ዛሬ እጠይቀዋለሁ። ጥያቄዬን ይዤ አመሰግነዋለሁ።

ወራቱ አለፉ፣ ወንድሜም ለጥምቀት መጣ። የባሕሩን ነገር ብዙ አላወራም፣ ሽሮውን በላ፣ ተኛ። ጋሼን ሊጠይቅ ሄዶ ግን እስኪመሽ አልተመለሰም።

አሁን ደግሞ ሌላ መርከብ ላይ ነው፣ አዲሱን ቁጥር ይዤዋለሁ። በቅዳሴ ስለ መንገደኞች ሲጸለይ እሱንና አብረውት ያሉትን አስቡልኝ።