ትንሽ ለፍቼ ነው

ቨርጂኒያ እንደገባሁ ማታ ማታ ፓርኪንግ ነበር የምሰራው። አብረውኝ የሚሰሩ አንድ ሀበሻ ነበሩ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ሳያጎርሱኝ በልተው አያውቁም። እና እኚህ ሰውዬ የትራክ መንጃ ፈቃድ፣ ሲዲኤል ማለት ነው፣ አውጥተው ስራ መልቀቃቸውን የሰማሁት ከሱፐርቫይዘሩ! ደወልኩ። "ጋሼ እንዴት አወጡት፣ የት ተማሩ?" "አይ ልጄ፣ ትንሽ ለፍቼ ነው፣ አንተንም ይርዳህ።" አለቀ። እንጀራ ያልነፈጉኝ ሰውዬ የትምህርት ቤት አድራሻ ነፈጉኝ። ምቀኛ ናቸው አልኩ፣ ለሰውም አወራሁ።

ከዛ ለብቻዬ ገባሁበት። ፐርሚቱን፣ የመለማመጃ ፈቃዱን ማለት ነው፣ አውጥቼ በአንድ ጓደኛዬ ትራክ እሁድ እሁድ ስለማመድ ከርሜ ቀጠሮ ልይዝ ስል፣ ለካ በፈረንጆቹ ከ2022 ወዲህ በፌደራል መንግስት የተመዘገበ ትምህርት ቤት ሳትማር የመንዳት ፈተና አይፈትኑህም። ተማርኩ፣ ቀረብኩ፣ ኤር ብሬክ ላይ፣ የትራኩ የአየር ፍሬን ፍተሻ ማለት ነው፣ ወደቅኩ። ሞተር አጥፍተህ፣ የማቆሚያ ፍሬኑን የሚለቁትን ቢጫውንና ቀዩን በተን ገፍተህ፣ ፍሬኑን አንድ ደቂቃ ረግጠህ የአየሩ ግፊት ከ4 ፒኤስአይ በላይ እንዳይቀንስ ታያለህ፣ ከዛ ፍሬኑን እየደጋገምክ ስትረግጥ አየሩ ወደ 60 ሲወርድ ማስጠንቀቂያው መጮህ አለበት። የኔ ጭጭ አለ። ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ ቁልፉን መልሼ ኦን አላደረግኩትማ! ይቺን የምትነግረኝ አንድ አፍ አጥቼ ነው እንግዲህ።

አሁን ሶስት አመት ነድቻለሁ። ባለፈው ከቅዳሴ በኋላ በዲቪ የመጣ አንድ ልጅ ጠጋ ብሎ "ጋሼ፣ ሲዲኤሉን እንዴት አወጣኸው?" አለኝ (እኔም ጋሼ ሆንኩ በቃ)። ከአፌ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? "ትንሽ ለፍቼ ነው።"

መኪና ውስጥ ገብቼ ራሴን ታዘብኩት። ልጁ ስራዬን አይወስድብኝ፣ ምን አስፈራኝ? አንደኛ፣ ከዚህ በፊት የተማርኩበትን ትምህርት ቤት የነገርኩት ሰው ሁለቴ ወድቆ "እሱ ነው ገንዘቤን ያስበላኝ" እያለ ከተማውን አዳርሷል። ሁለተኛ፣ ወሬው ትምህርት ቤት ላይ አይቆምም፣ ስንት ከፈልክ ይላል፣ ከዛ ስንት ትሰራለህ፣ ከዛ አዲስ አበባ ላለችው አክስቴ ይደርስና ሰኞ ስልኬ ይጮሃል። እውነቱን ካወራን ደግሞ ሌላም አለ፣ እኔ ወድቄ የተማርኩትን እሱ በነጻ ሊወስደው ነው የምትል ክፉ ነገር ሆዴ ውስጥ ነበረች።

ማታ ቮይስ ላኩለት። ትምህርት ቤቱን፣ ኤር ብሬኩን፣ የቁልፏን ነገር ሁለቴ ደጋግሜ። ወዲያው መለሰ፣ "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! በማይል ስንት ይከፍሉሃል?"

እሷን እስካሁን አልመለስኩም።