ግብዓቱን የሚበላ ኮምፒውተር

ባክቴሪያን የሎጂክ ጥያቄ ማስመለስ የፈለግሁት እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ የአሜሪካ ተማሪዎች ሥራ ካነበብሁ በኋላ ነው። ሦስት ነጥቦችን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነክቶ የሚያልፍ መንገድ ባክቴሪያዎች እንዲፈልጉ፣ ተማሪዎቹ በኢ. ኮላይ ባክቴሪያዎች ውስጥ የቀይና የአረንጓዴ ብርሃን ጂኖችን ቆራርጠው አዘበራረቁ፤ መንገዱን ያገኙት ባክቴሪያዎች ሁለቱንም ቀለም አንድ ላይ ስለሚያበሩ ቢጫ ሆነው ታዩ።

ሐዋሳ በማስተምርበት ኮሌጅ ግን ጂን የምንቆርጥበት ዕቃም ፈቃድም የለንም። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ልውጥ ሕያዋንን (ጂናቸው የተለወጠ ሕያዋንን) ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ ደግሞም ይገባል። ስለዚህ ተፈጥሮ ራሷ በኢ. ኮላይ ውስጥ ወደ ሠራችው የሎጂክ በር፣ ማለትም ከተሰጠው ግብዓት ተነሥቶ ‘አዎ’ ወይም ‘አይ’ ወደሚል ሥርዓት ዞርሁ። ፈረንሳውያኑ ሳይንቲስቶች ዣኮብና ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1961 የገለጹት ይህ ሥርዓት የላክቶስ (የወተት ስኳር) መፍጫውን ኢንዛይም በብዛት የሚያመርተው ላክቶስ ሲኖርና ግሉኮስ ሳይኖር ነው። ላክቶስ በዲኤንኤው ላይ የተቀመጠውን ከልካይ ፕሮቲን ያስነሣል፤ ግሉኮስ ካለ ግን ላክቶሱ ወደ ሕዋሱ እንዳይገባ ያግደዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በሽታ የማያመጣ የቤተ ሙከራ ዝርያ ባክቴሪያ በሚመገበው በፔፕቶን ውኃ አሳደግንና በአራት ቱቦ ከፈልነው፦ ምንም ያልተጨመረበት፣ ላክቶስ ብቻ፣ ግሉኮስ ብቻ፣ ሁለቱም። ከዚያ የሕዋሱን ሽፋን ቶሉዊን በተባለ ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ አላልተን ኦኤንፒጂ የተባለውን ቀለም አልባ ውህድ ጨመርን። ኢንዛይሙ ካለ ይሰነጥቀውና ቢጫ ይሆናል። ሶዲየም ካርቦኔት ሲጨመር ሂደቱ ይቆማል፣ ቢጫውም ይደምቃል። ላክቶስ ብቻ ያለበት ቱቦ ቢጫ ሆነ፤ ሌሎቹ አልሆኑም። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ።

ጭብጨባው አልቆየም። ከተመሳሳዩ ቱቦዎች ዘግየት ብለን ናሙና ስንወስድ ሁለቱም ስኳር ያለበት ቱቦ ቢጫ ሆኖ ተገኘ። አንዷ ተማሪ፣ «መምህር፣ ታዲያ ትክክለኛው መልስ የስንት ሰዓቱ ነው?» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ በዚያ ዓመት አልሰማሁም። ባክቴሪያው አልተሳሳተም። ግሉኮሱን በልቶ ጨርሷል፤ ስለዚህ በዚያ ሰዓት ጥያቄው ራሱ ሌላ ሆኗል። ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ስኳር የተሰጠው ባክቴሪያ አንዱን ጨርሶ፣ ጥቂት ቆሞ፣ ወደ ሁለተኛው እንደሚሻገር ያሳየው ይህንኑ ነበር። የኮምፒውተር በር የተሰጠውን ግብዓት አይበላም፤ ይህኛው ይበላል።

ከዚያ በኋላ በውጤት ሰንጠረዡ ላይ የሰዓት ዓምድ ጨመርን። ግሉኮሱ ማለቁን ለማወቅ ከመድኃኒት ቤት የሽንት ስኳር መመርመሪያ ወረቀት ገዛን፤ ከላክቶስ ጋር ስለማይምታታ ለዚህ ሥራ ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጣል። መብራት በሄደና ኢንኩቤተሩ በቀዘቀዘ ቀን እድገቱ ስለሚዘገይ ሰዓቱን ብቻ ማመን አይቻልም። ወረቀቱ ግን ስኳሩን እንጂ ሰዓቱን አይጠይቅም።

ሌላው ያስተማረኝ ነገር ‘አይ’ የሚለው መልስ ፈጽሞ ባዶ አለመሆኑ ነው። ኢንዛይሙ ባልታዘዘበት ሕዋስ ውስጥም ጥቂት የኢንዛይሙና አብሮት የሚመረተው የላክቶስ አስገቢ ፕሮቲን ሞለኪውሎች ይገኛሉ፤ አስገቢው ባይኖር የመጀመሪያው ላክቶስ የሚገባበት መንገድ አይኖርም ነበር። ስለዚህ የት ላይ ‘አዎ’ እንደምንል ወሰኑን የምናሰምረው እኛ ነን፣ እሱም ቀለሙን ከማየታችን በፊት መሆን አለበት። ካየን በኋላ የሚሰመር መስመር ሁልጊዜ የምንፈልገውን መልስ ይሰጠናል።

በሮችን ማያያዝ ከዚህ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ሥራ እያንዳንዱን በር በተለያየ የባክቴሪያ ጎራ አስቀምጦ በኬሚካል መልእክት አገናኛቸው። ያንን እኛ ለጊዜው በወረቀት ብቻ እንነድፋለን። ተማሪዎቼ ንድፍ ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ግብዓቱን ማን እንደሚበላው ነው። አብዛኞቹ አሁን ከላክቶስ ይልቅ አይፒቲጂ የተባለውን ላክቶስ መሰል ሰው ሠራሽ ውህድ ይጽፋሉ፤ በሩን ይከፍታል፣ ባክቴሪያው ግን አይበላውም። ዋጋው ግን ከላክቶስ ጋር አይነጻጸርም።