ሬጅመንቱ ሲነሳ ሎጁስ?

እኛ ዘንድ ፍሪሜሶን ከተባለ ወሬው ወዲያው ወደ ኢሉሚናቲ ይሄዳል። የሎጅ፣ ማለትም ፍሪሜሶኖች የሚሰበሰቡበት ማኅበር፣ ጸሐፊን ራስ ምታት የሚያነሳ ግን አላየሁም። በሥራ ላይ ያሉና ጡረታ የወጡ ወታደሮች በሚሰበሰቡበት ሎጅ ዋናው ጣጣ ይኸው ነው፤ አባሉ ዛሬ አለ፣ ነገ ግዳጅ ላይ ነው።

ድሮ ሎጁም አብሮ ይዘምት ነበር። የሎጆች የበላይ አካል የሆነው የአየርላንድ ግራንድ ሎጅ በ1732 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኋላ ሮያል ስኮትስ ለተባለው እግረኛ ሬጅመንት ቁጥር 11 ተጓዥ ፈቃድ ሰጠ። ዋራንት የሚሉት ይህ ሰነድ በአንድ ከተማ አይታሰርም፤ ሬጅመንቱ በሰፈረበት ሣጥኑ ይከፈታል፣ ሥራው ይጀመራል። ሰነዱ ከሌለ ግን እንደ ሙሉ ሎጅ መሥራት የለም። በጁላይ 1779 አሜሪካኖች ስቶኒ ፖይንት የተባለውን የኒውዮርክ ምሽግ ሲይዙ የእንግሊዞቹ 17ኛው እግረኛ ሬጅመንት ሎጅ፣ ዩኒቲ ቁጥር 18፣ ዋራንቱ ተማረከ። አሜሪካዊው ብርጋዴር ጄኔራል ሳሙኤል ፓርሰንስ ራሱም ሜሶን ነበርና ደብዳቤ ጽፎ ለጠላቶቹ መለሰላቸው።

ተጓዥ ሎጅ የሚጎዳው ከኋላ የሚቀረውን ሰው ነው። ቦስተን ላይ በ1775 ፕሪንስ ሆልና ሌሎች 14 ጥቁር ሰዎች ከእንግሊዝ ጦር 38ኛው ሬጅመንት ጋር በነበረው የአየርላንድ ሎጅ ቁጥር 441 ገቡ። በዓመቱ ጦሩ ከተማዋን ለቀቀ። ለእነሱ የቀረላቸው መሰብሰብና የሞተባቸውን መቅበር ነበር፤ አዲስ ሰው መቀበል አይችሉም። ከለንደን የራሳቸውን ዋራንት ያገኙት በ1784 ሲሆን እጃቸው የገባው በ1787 ነው። ቁጥሩ 459፣ ስሙ አፍሪካን ሎጅ።

የእንግሊዝ ግራንድ ሎጅ በ1815 ደንቡ የጦር ሎጆች የከተማ ነዋሪ እንዳይቀበሉ ከለከለ። ከአስር አለቃ በታች ያለውም ያለ ልዩ ፈቃድ የሚገባው በአገልጋይነት ብቻ ሆነ። ወንድማማቾች ነን እያሉ ተራውን ወታደር ደጅ ማቆም! እኔ እስካሁን አይዋጥልኝም።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል፤ ሎጁ አንድ ቦታ ተቀምጧል፣ የሚዞሩት ሰዎቹ ናቸው። ለንደን የሚገኘው ኔቪ ሎጅ ቁጥር 2612 በ1896 ተመሠረተ። ኋላ ንጉሥ የሆነው ጆርጅ 6ኛ በ1919፣ ልዑል ፊሊፕ በ1952 የገቡት እዚያ ነው። ስሞቹ ያስደንቃሉ፤ የእንግሊዝ ግራንድ ሎጅ ደንብ ግን ስም አይቶ አያዝንም።

አመልካቹ በአንድ የበላይ ኃይል ማመን አለበት፤ አቅራቢና ደጋፊ ያስፈልገዋል፣ ኮሚቴው ያነጋግረዋል፣ ከዚያ ድምፅ በኳስ ይሰጣል። ሦስት ጥቁር (የተቃውሞ) ኳስ ከወጣ ቀረ፤ ሎጁ በራሱ ደንብ ከዚያም ሊያጠብቀው ይችላል። በድምፅ ያለፈ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ካልገባ ምርጫው ይሰረዛል። ብዙ ወታደር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ስድስት ወር ግዳጅ፣ ከዚያ ሥልጠና፣ ከዚያ ዝውውር፣ ዓመቱ አለቀ። ሎጁ በዓመት አራት ጊዜ ብቻ የሚሰበሰብ ከሆነ ሁለት ስብሰባ ያመለጠው ሰው ግማሹን ዕድል አጣ ማለት ነው። ስለዚህ ጸሐፊው የሰውዬውን የግዳጅ ቀን ከድምፁ በፊት መጠየቅ አለበት።

ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው፤ በአንዱና በሌላው መካከል ቢያንስ አራት ሳምንት ማለፍ አለበት። ሰውዬው ፖርትስመዝ ተመድቦ ሎጁ ለንደን ከሆነ መላ አለው፦ የራሱ ሎጅ ማስተር (የሎጁ መሪ) በጽሑፍ ከጠየቀ ሌላ ሎጅ ቀጣዩን ደረጃ ሊሰጠው ይችላል። በቃል ወይም በስልክ የተባለ ነገር ግን አይቆጠርም።

ማዕረግ በር ላይ ይቀራል ይባላል። በአብዛኛው እውነት ነው፤ ማስተሩ ሃምሳ አለቃ ሆኖ ኮሎኔሉ በር ጠባቂ ሊሆን ይችላል። ችግሩ በተራ ወደ ማስተርነት መውጣቱ ላይ ነው። ማስተር ለመሆን አንድ ሙሉ ዓመት ዋርደን፣ ማለትም ከማስተሩ ቀጥሎ ያለ ሹም፣ ሆኖ ማገልገል ያስፈልጋል፤ ዋርደኑ በመሀል ቆጵሮስ ከተላከ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ያኔ ወንበሩን የሚይዙት ጡረተኞቹ፣ ቀድሞ ማስተር የነበሩት ናቸው። እነሱን እንደ ማስጌጫ የሚያይ ሎጅ ብዙ አይቆይም።

መዋጮውም እንደ እድር ነው፣ ሰው ሩቅ ነው ብሎ አይጠብቅም። ሁለት ዓመት ያልከፈለ አባልነቱ በራሱ ይቋረጣል፤ የት ነበርክ ብሎ የሚጠይቀውም የለም። ሎጆች ለሩቅ አባላት ዝቅ ያለ መዋጮ በደንባቸው ማስገባት ይችላሉ። ገንዘብ ያዡ ደግሞ ወታደሩ ሻንጣውን ከመሸከፉ በፊት ባንኩ መዋጮውን በየዓመቱ ራሱ እንዲከፍል ያስፈርመው።