ቴምብሩን አትንቀሉት

ከአያት ሣጥን የወጣ የድሮ ደብዳቤ ብዙ ቤት ውስጥ የሚገጥመው ዕጣ አንድ ነው። ጥጉ በመቀስ ይቆረጣል፣ ቴምብሩ ሳህን ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ፖስታው ቅርጫት ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ ያለው ግን ቅርጫት የገባው ነው።

የምኒልክን የመጀመሪያ ቴምብሮች ተመልከቱ። የፖስታ አገልግሎት በመጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ሲቋቋም ፓሪስ የታተሙት ሰባት ነበሩ፤ ሩብ፣ ግማሽ፣ 1 እና 2 ግርሽ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ 4፣ 8 እና 16 ግርሽ አንበሳ ያለባቸው። ያልተሠራባቸው ዛሬም በብዛት ስለሚገኙ ውድ አይደሉም። ያው ቴምብር ተለጥፎበት ከሐረር አውሮፓ የደረሰ ፖስታ ግን ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያታልል አለ፦ ሰባቱም ቴምብሮች በሰልፍ የተለጠፉበት ያማረ ፖስታ። ድምሩ 31 ከሦስት ሩብ ግርሽ ይሆናል። በጊዜው 16 ግርሽ አንድ ብር ስለነበር፣ ለአንድ ደብዳቤ ሁለት ብር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ክፍያ ነው። እንዲህ የሚከፍል ነጋዴ አልነበረም፤ ፖስታው የተሠራው ለሰብሳቢ ነው። ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ እኛ የተጓዘ ፖስታ የምንሰበስብ ግን አንድ ቴምብር ብቻ ያለውን፣ ጠርዙ የተቀደደውን የነጋዴ ደብዳቤ እንመርጣለን።

ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የኛ ቴምብር ብቻውን ባሕር አያሻግርም ነበር፤ በጅቡቲ በኩል የሚወጣ ደብዳቤ የኦቦክ (ያኔ በፈረንሳይ ሥር የነበረች ወደብ) ወይም የጅቡቲ ቴምብር ይጨመርበት ነበር። ስለዚህ የዚያ ዘመን የውጭ ፖስታ ላይ የሁለት አገር ቴምብር ከሁለት አገር ማኅተም ጋር ስታዩ አትደንግጡ። ቴምብሩን መንቀል ይህን ሁሉ ታሪክ መቅደድ ነው።

ፖስታ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ የማኅተሙን ቀለም በ10 እጥፍ ማጉያ መነጽር እዩ። ቀለሙ ከቴምብሩ ጥርስ ወርዶ ፖስታው ላይ ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት። የክቡ መስመር ጠርዝ ላይ ከተሰበረ፣ ወይም ቴምብሩ ላይ ያለው ግማሽ ፖስታው ላይ ካለው ግማሽ ጋር ካልገጠመ፣ ቴምብሩ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለጠፈ መሆኑን ጠርጥሩ። ቀለሙ ጥቃቅን ባለ ቀለም ነጥቦች ሆኖ ከታየ በኮምፒውተር ማተሚያ የወጣ ነው። ቀጥሎ ጀርባውን ገልብጡ፤ የመድረሻው ማኅተም ቀን ፊቱ ላይ ካለው የመነሻ ማኅተም ቀን መቅደም የለበትም። ሪኮማንዴ (ተመዝግቦ በአደራ የተላከ) ከሆነ ባለ ቁጥር ምልክት ይፈለጋል። በመጨረሻ ጨለማ ክፍል ውስጥ የአልትራቫዮሌት መብራት አብሩበት። ወረቀት ማንጫ ኬሚካል የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1950 ገደማ ወዲህ ስለሆነ፣ በምኒልክ ዘመን ተጻፈ የተባለ ፖስታ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ ጨዋታው አልቋል።

ቀን ስታነቡ የትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትፍረዱ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። በዚህ ብቻ ደህና ፖስታ ሐሰተኛ ተብሎ ይጣላል።

የጣሊያን ዘመን ማኅተሞች የራሳቸው ማጣሪያ አላቸው። ብዙዎቹ ላይ ከተራው ዓመት ጎን የፋሺስት ዘመን ዓመት በሮማ ቁጥር ይታያል፤ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 28 ቀን 1922 ሲሆን የሚቀየረውም በየዓመቱ በዚያው ቀን ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በእነሱ 14ኛው ዓመት ነበር፤ የወጣውም በ19ኛው። የፋሺስት ዓመቱ ከዚህ ክልል ውጭ የሆነ የአዲስ አበባ ማኅተም ሐሰተኛ ነው። በተረፈ የሳንሱር ማሸጊያ ወረቀት ካለበት አትላጡት፤ እሱም የፖስታው አካል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ የካይሮ በረራ ፖስታ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ ጀርባው ላይ የካይሮ መድረሻ ማኅተም ካለው ይፈለጋል። የ1955ቱ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ምሥረታ የመጀመሪያ ቀን ፖስታዎች (ቴምብሩ በወጣበት ቀን ማኅተም የተመታባቸው) ያማሩ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን አድራሻ እንኳ የላቸውም፣ የትም አልተጓዙም። አድራሻው ፖ.ሣ.ቁ. ብቻ መሆኑ ግን አያጠራጥር፤ በከተማችን ደብዳቤ የሚደርሰው ሣጥን ቁጥር ላይ ነው።

የት ይገኛል ለምትሉ፦ ምናለሽ ተራ፣ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቆራሌው። ቢሮ ሲለቅ ወይም ቤት ሲፈርስ ወረቀቱ በኪሎ ይሄዳል። አንድ አንድ እየመረጣችሁ ዋጋ አታስወድዱ፤ እስሩን በሙሉ ግዙ። ያው ሣጥን ቁጥር የተደጋገመበት እስር ከተበታተነ ዋጋው ይወርዳል። ለማነጻጸር ደግሞ ቸርችል ጎዳና ላይ ዋናው ፖስታ ቤት ጎን ያለውን የፖስታ ሙዚየም ማየት አይከፋም።

አያያዝ ላይ ጠላታችን ክረምት ነው። ስቴፕለርና አግራፍ ወዲያው አውጡ፤ ዝገቱ በክረምት ወረቀቱን ዘልቆ ይሄዳል። ስኮች አትለጥፉ፣ ላሚኔት አታድርጉ። ጠረን ያለው ለስላሳ ላስቲክ ፒቪሲ ነው፤ ውሎ አድሮ ቀለም ይመጥጣል፣ ከወረቀቱ ጋርም ይጣበቃል። ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር ይሁን። ውስጡ ያለውን ደብዳቤ አውጥታችሁ ዘርጉትና በሌላ ላስቲክ አስቀምጡ፤ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይኑር። ቁጥሩ በለስላሳ እርሳስ፣ ጀርባው ጥግ ላይ፣ ላስቲክ ውስጥ ሳይገባ ይጻፋል፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ አይለቅም። ሣጥኑ ከግድግዳ 10፣ ከወለል 15 ሴንቲሜትር ይራቅ። እርጥበት መለኪያው ከ40 እስከ 50 በመቶ ቢያሳይ ጥሩ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሲያልፍ ሲሊካ ጄል ይጨመራል። ለብል ብላችሁ ናፍታሊን አታስገቡ፣ ላስቲኩን ያበላሻል።