የከንፈር ቀለም ያልለቀቀው ማይክ

ቴክሳስ ውስጥ ከሂውስተን እስከ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ኮርፐስ ክሪስቲ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ያስነዳል። እኔ መታጠፊያ አምልጦኝ ከአራት ሰዓት በላይ ፈጀብን። የመጣነው በልጄ ውትወታ ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን ሁሌም በእንግሊዝኛ ነው። ስፓኒሽ ጭራሽ አታውቅም። እንዲያም ሆኖ መንገዱን ሙሉ በስፓኒሽ ትዘፍን የነበረችውን የሟቿን ዘፋኝ የሰሊና ኪንታኒያን «ኮሞ ላ ፍሎር» አንድ ቃል ሳትስት ስታዜም ነበር።

የሰሊና ሙዚየም ሌፐርድ ጎዳና ላይ፣ አባቷ ባቋቋሙት ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ከውጭ ሲያዩት ተራ ቤት፤ ስንገባ ግን ቀይ ፖርሸዋ ቆማለች፣ ራሷ የነደፈቻቸው ልብሶች ተደርድረዋል። በ1994 እ.ኤ.አ. ያገኘችው የግራሚ ሙዚቃ ሽልማትም አለ፤ እሱን ብዙም ልብ አላልኩት። ልጄን ያፈዘዛት ፌብሩዋሪ 1995 በሂውስተኑ አስትሮዶም ስታዲየም፣ ከ60,000 በላይ ሰው ፊት የለበሰችው ሐምራዊ ልብስ ነው። እኔ ደግሞ ማይኩ ላይ ቀረሁ። የከንፈር ቀለሟ እስካሁን አልለቀቀም።

«እማዬ፣ ነይ እንጂ!» አለችኝ። በአማርኛ! ዝም ብዬ ተከተልኳት።

ሰሊናም ቴክሳስ ተወልዳ ያደገችው በእንግሊዝኛ ነበር። ስፓኒሹን ያስጠኗት አባቷ ናቸው፤ ትርጉሙን ሳታውቅ ድምፁን ብቻ ይዛ ትዘፍን ነበር። ሌክ ጃክሰን የነበረው ምግብ ቤታቸው ሲዘጋ ቤተሰቡ ወደዚህ ተሰደደ፤ ወንድሟ ቤዝ፣ እህቷ ድራም፣ እሷ ድምፅ ሆነው ሠርግ ሳይቀር እየዞሩ ተጫወቱ። ወንዶች በነገሡበት የቴሃኖ፣ ማለትም የቴክሳስ ሜክሲኮ-አሜሪካውያን ሙዚቃ ቁንጮ ስትሆን ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። በኋላ ሜክሲኮ ስትሄድ ስፓኒሿ ይሰባበር ነበር፤ ሞንቴሬይ ላይ ጋዜጠኞቹን አቅፋ እየሳመች ሰላም ብትላቸው ልባቸውን ወሰደችው። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምትደበቀው ልጄ ትዝ አለችኝ።

ማርች 31 ቀን 1995፣ 24 ዓመት ሊሞላት 16 ቀን ሲቀራት፣ የገዛ አድናቂዎቿ ማኅበር መሪ የነበረች ሴት በሽጉጥ ገደለቻት። የሴትየዋን ስም እዚህ መጻፍ አልፈልግም። የተገደለችበትን ሆቴልም አላየንም፤ ምን ሊረባን?

አመሻሽ ላይ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረድን። የነሐስ ሐውልቷ ዓምድ ተደግፎ ቆሟል። ነጭ ጽጌረዳ ይዘው የመጡ አንዲት አሮጊት ልጄን የአገራቸው ልጅ መስላቸው መሰለኝ፣ በስፓኒሽ ያወሩላት ጀመር። ልጄ ፊቷ ቀላ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አሞር ፕሮኢቢዶ?» አለች።

ሴትዮዋ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። «ቢዲ ቢዲ ቦም ቦም!»

ልጄ አልተስማማችም። እኔ ጽጌረዳውን ተቀብዬ ይዤ፣ ሁለቱ በዘፈን ርዕስ ብቻ ሲከራከሩ ቆሜ አየሁ።