ቤት ስገዛ መጀመሪያ ያሰላሁት የወር ወጪዬን ነው

ባንክ “ይህን ያህል አበድርሃለሁ” አለ ማለት ያን ያህል መበደር አለብህ ማለት አይደለም። ባንኩ የሚያየው ደሞዜን ነው። የልጆቼን ትምህርት ቤት ክፍያና የእናቴን መድኃኒት አያይም።

ስለዚህ ቤት ከማየታችን በፊት ልምምድ ጀመርን። ወደፊት የምንከፍለውን ወርሃዊ ክፍያ ገመትን። ከዚያ ላይ የቤት ኪራያችንን ቀንሰን፣ ልዩነቱን ደሞዝ በገባ ቀን ወደ ሌላ ሂሳብ አዛወርን። አንድ ወር ላይ ባለቤቴ “ይሄማ አይገፋም” አለች። ሂሳቡን አብረን አየነውና በጀታችንን ዝቅ አደረግን። የተጠራቀመው ገንዘብ ለቅድመ ክፍያ ሆነ።

የብድር ዘመኑም ቁጭ ብለው ቢያሰሉት ያስደነግጣል። በ12 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ተበድረው በየወሩ እኩል ከከፈሉ፣ የሚመልሱት የተበደሩትን 2.6 እጥፍ ገደማ ነው። በ15 ዓመት ለመጨረስ የወር ክፍያው የሚጨምረው 9 በመቶ ያህል ነው። ጠቅላላው ግን ወደ 2.2 እጥፍ ይወርዳል። እኛ አጭሩን ወሰድን።

ፍላጎታችንን ለመለየት አንድ ተራ ቀናችንን ከጠዋት እስከ ማታ ጻፍነው። ጠዋት ሁሉም መታጠቢያ ቤት በር ላይ ይሰለፋል። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ አይሆናትም። እኔ ማታ ማታ እሠራለሁ፣ ጸጥ ያለ ጥግ ያስፈልገኛል። የእንግዳ ክፍል የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ወደቀ። በዓመት አንዴ ለሚመጣ እንግዳ ዓመቱን ሙሉ ወለድ መክፈል አልታየኝም።

ቤት ለማየት ስንገባ ደላላው ሁልጊዜ ሳሎን ላይ ያቆመናል። እኔ ግን ቀጥታ ወደ ውሃው ነው የምሄደው። ሻወሩንና የወጥ ቤቱን ቧንቧ አንድ ላይ ከፍቼ የሽንት ቤቱን ውሃ እለቃለሁ። ያኔ የውሃው ግፊት ይታወቃል። ከዚያ የግድግዳውን ግርጌ አያለሁ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ፣ እርጥበት ከውስጥ ጨው ይዞ እየወጣ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ከሁሉም ግድግዳ አንዱ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ አገኘሁት። “ለእርስዎ ብለን ነው ያሳመርነው” አለኝ ደላላው። እዚያው ግድግዳ ላይ ያለውን ቁም ሳጥን ስከፍተው የሻጋታ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

የወደድነውን ቤት ማታም፣ ዝናብ ካቆመ በኋላም ሄደን አየነው። ሰነዱ ላይ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ያጣራልን ጠበቃ፣ ጣሪያውንና ስንጥቆቹን ያየልን ደግሞ ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ መሐንዲስ ነው። ለሁለቱ የከፈልነው አይቆጨኝም።

የያዝነው ቤት ሳሎኑ ጠባብ ነው። ግን ሁለት መታጠቢያ ቤት አለው፣ ደረጃ የለውም። ብዙ ሰው ለጥገና ከቤቱ ዋጋ በዓመት 1 በመቶ ያህል ይይዛል፤ እኛም ያንኑ አደረግን። የመጀመሪያውን የበላው የውሃ ማሞቂያው ነው። ገና ዕቃችንን ፈትተን ሳንጨርስ ተበላሸ።