‹ቫምፒር›ን ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ነርሷ ልንገራችሁ

‹ቫምፒር› የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ እስከ መጨረሻው ተጫውቼዋለሁ። የፈረንሳዩ ዶንትኖድ ኩባንያ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው። ማግኘቱ አላስቸገረኝም፤ ውጭ አገር የምትኖር የአክስቴ ልጅ በስጦታ ላከችልኝ። 20 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ ሌሊት ሌሊት አወረድኩት። መብራት ሳይታሰብ ይጠፋልና ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ይኑራችሁ።

ባለታሪኩ ዶክተር ጆናታን ሪድ ይባላል። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወደ ለንደን የተመለሰ ሐኪም ነው፤ ግን ደም መጣጭ ሆኖ ይነቃል። በጥሙ ታውሮ መጀመሪያ የሚገድላት የገዛ እኅቱን ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1918 ነው፤ ከተማዋን የስፓኒሽ ጉንፋን እየፈጃት ነው። ይህ ወረርሽኝ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር እኛም ዘንድ ደርሶ ‹የኅዳር በሽታ› የተባለው፣ ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ የጣለው ነው። እናቴ ባናዋን ተከናንባ ከኋላዬ ተቀምጣ በሽተኞቹን ስታይ፣ «ይኼ ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናጨስለት በሽታ ነው እንዴ?» አለችኝ። «አዎ እማዬ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ የልጅ ነገር ነው ብላኝ አታውቅም።

ጨዋታውን ከሌሎች የሚለየው አገዳደሉ ነው። በአራቱ ሠፈሮች የሚኖር እያንዳንዱ ሰው ስም፣ ቤተ ዘመድና ምስጢር አለው። ስታነጋግሩት፣ ምስጢሩን ስትደርሱበት፣ ሲታመም መድኃኒት ቀምማችሁ ስትሰጡት ደሙ ይበልጥ ዋጋ ያወጣል። ማለትም አንድን ሰው መግደል የሚያተርፋችሁ በደንብ ካወቃችሁትና ከፈወሳችሁት በኋላ ነው። ጉልበት ለማግኘት አቋራጩ ይህ ነው፤ ጨዋታውም ደጋግሞ ይገፋፋችኋል። እኔ ከነዋሪዎቹ የማንንም ደም ሳልመጥ ጨረስኩት። ይቻላል፤ ውጊያው ግን ይከብዳል። በዚህ እኮራለሁ።

አሁን ወደ ነርሷ ልምጣ። ዶሮቲ ክሬን የፔምብሮክ ሆስፒታል ነርስ ናት። ከሥራ ሰዓቷ ውጪ በኋይትቻፕል ለድሆች ሕክምና ትሰጣለች። ሠፈሩን ቀጥ አድርጎ የያዘው የእሷ ድካም ነው። ገንዘብ ስለሌላት ግን ለዚሁ ሥራ የሰው ምስጢር ይዛ ታስፈራራለች። ሐኪሙ ሲደርስባት ሦስት ምርጫ ይቀርብለታል፦ እንዳለች ሊተዋት፣ በዓይኑ ኃይል አፍዝዞ ያወቀችውን ሊያስረሳት፣ ወይም ደሟን ሊመጥ።

ማስረሳቱን መረጥኩ። ማን ሌላ ነገር ይመርጣል? አትሞትም፣ ምስጢሩ ይዳፈናል፣ እሷም ወደ በሽተኞቿ ትመለሳለች። ከሦስቱ መካከል የርኅራኄ መልክ ያለው እሱ ነበር። ሐኪሙ በመጠለያው ተኝቶ ሲነሳ ግን የዶሮቲ አእምሮ ተቃውሷል፤ ኋይትቻፕልም የሚደግፈውን ሰው አጥቷል። ስንቱን ምሽት መድኃኒት እያመላለስኩ ያቃናሁት ሠፈር ማሽቆልቆል ጀመረ። ያኔ ወደ ኋላ ልመለስ ብል መመለሻ የለም። ጨዋታው ራሱ እያስቀመጠ ይሄዳል፤ ተጫዋቹ በፈለገው ሰዓት የሚያስቀምጥበት መንገድ አልተሰጠውም። ያለኝ ወይ መቀጠል፣ ወይ ሁሉንም ከመጀመሪያው መጀመር ነበር።

ይህ ዛሬም ያናድደኛል። ውሳኔ መዘዝ እንዲኖረው መፈለጋቸውን አከብራለሁ፤ የጨዋታው ነፍስም እሱ ነው። ነገር ግን መዘዙ ከውሳኔው መታየት አለበት። ማፍዘዝ አእምሮ እንደሚጎዳ አንድ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሹክ ቢለኝ ኖሮ ጥፋቱን ተቀብዬ እቀጥል ነበር። የተደበቀን ነገር አላወቅህም ብሎ መቅጣት ፍርድ አይደለም። ሐኪም ሆነህ ተጫወት ብለው፣ የመድኃኒቱን ጉዳት ከሐኪሙ ሸሸጉት!

ስለዚህ ፈጣሪዎቹ የማይወዱትን ምክር እሰጣለሁ። በየሠፈሩ ‹ምሰሶ› የሚባል፣ እንደ ዶሮቲ ሠፈሩን ደግፎ የያዘ አንድ ሰው አለ። ከምሰሶዎቹ ጋር ወሳኙን ንግግር ከመጀመራችሁ በፊት ከጨዋታው ውጡና የተቀመጠውን ፋይል ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ዶሮቲን ደግሞ እንዳለች ተዋት። የወደቦቹ ሠፈር ምሰሶ ሾን ሃምፕተን ዘንድ ስትደርሱም መልካም የሚመስለውን መልስ ቶሎ አትጫኑ።

እ.ኤ.አ. በ2018 መስከረም ላይ የተጨመረውን ቀላሉን ደረጃ ለመምረጥም አትፈሩ። ውጊያው ከአጋማሽ በኋላ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ከሠፈር ወደ ሠፈር ፈጥኖ መሻገሪያ ስለሌለም እነዚያኑ ጠላቶች በየመንገዱ መልሳችሁ ትገጥማላችሁ። ጊዜያችሁን ለንግግሮቹ አውሉት። ሁሉም ከሥር ስለሚጻፍ እንግሊዝኛችሁ እንደኔ በትምህርት ቤት የቀረ ቢሆንም ቀስ ብላችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። እኔ አሁን እንደገና ጀምሬዋለሁ፤ ዶሮቲ ኋይትቻፕል ውስጥ በሽተኞቿን እያከመች ነው።